ሣሩን የጨረሰው ማን ነው?

ስለ ቦረና ቆላ ሊቃውንት የተከራከሩባቸው ጉዳዮች

«የሊቃውንት ክርክር» ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን በባሕር ማዶ ያለ ትልቅ አዳራሽ፥ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያሳረፉ ሽማግሌዎች ናቸው። እናንተም፥ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያላችሁት ሆነ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን መቀበል የጀመራችሁት ወጣቶች፥ እንዲህ ብታስቡ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን በዓለም የታወቁ የሳይንስ መጽሔቶች ካስተናገዷቸው ክርክሮች ጥቂቶቹ የሚመለከቱት የገዛ አገራችንን ደቡባዊ ቆላ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የነጌሌ ቦረና ዙሪያና ከእርሷ ወደ ምዕራብ ያለው የያቤሎ፥ የዱብሉቅና የሜጋ አገር ነው። የሚከራከሩበትም ነገር ሣር፥ ውኃ፥ ከብት፥ ኮከብና አንዲት ትንሽ ወፍ ነው።

ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ በተውንላቸው ነበር። ሆኖም ክርክሩን ያሸነፈው ወገን ሐሳቡ በመጽሐፍ ውስጥ ታስሮ አልቀረም። እሳት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ፥ ኩሬ የት ይቆፈር፥ የክትባቱን መርፌ ማን ይያዝ የሚለው ሁሉ የተወሰነው በዚያ ሐሳብ ነው። ትእዛዙን ደብዳቤ አድርጎ የሚጽፈውና ማኅተም የሚመታበት ደግሞ እንደ እናንተ ያለ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን።

የወል መሬት ክስ

በታኅሣሥ 1968 በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጋሬት ሃርዲን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ርእስ በአማርኛ «የወል መሬት መከራ» ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለሁሉ ክፍት የሆነ የግጦሽ መስክ አለ እንበል። አንዱ ከብት አርቢ አንዲት ላም ቢጨምር ወተቱና ጥጃው የእርሱ ብቻ ነው፤ የሣሩ ጉዳት ግን ለሁሉ ይከፋፈላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ አስቦ አንድ፥ ደግሞ አንድ ይጨምራል። በመጨረሻ መስኩ ይራቆትና ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

ይህ ጽሑፍ በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቀሱት የሳይንስ ጽሑፎች አንዱ ሆነ። የልማት ባለሙያዎችም ወደ አፍሪካ ቆላ ሲመጡ በቦርሳቸው ይዘውት መጡ። መሬቱ ካልተከፋፈለና ካልታጠረ በቀር ከብት አርቢው መሬቱን ያጠፋዋል የሚል እምነት ተስፋፋ።

አሁን ወደ ዱብሉቅ እንሂድ። በቦረና አገር «ቱላ» የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ ዘጠኝ ቦታ ላይ ስለሚገኙ ዘጠኙ ቱላዎች ይባላሉ። ዱብሉቅ፥ ዌብና ዳስ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚወርድበት መንገድ መሬቱን ሰንጥቆ ረጅም ሆኖ ተቆፍሯል። ከገንዳው በታች ደግሞ ጉድጓዱ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ጎልማሶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰልፈው ይቆሙና የቆዳውን ባልዲ ሞልተው ወደ ላይ፥ ባዶውን ወደ ታች ይቀባበላሉ። እጃቸው እንዳይሳሳት በዜማ ይሠራሉና መንገደኞች «የሚዘምሩ ጉድጓዶች» ብለዋቸዋል።

አንድ እንግዳ ሰው ይህን አይቶ ውኃው የማንም ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጉድጓዱን ለመቆፈር የተነሣ ሰው «አባ ኮንፊ» ይባላል፤ ጉድጓዱም በጎሣው ስም ይጠራል። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ኃላፊ አለ። የማን ከብት መጀመሪያ ይጠጣል፥ የማን ይከተላል፥ ለእንግዳ ከብት ተራ ይሰጠዋል ወይስ አይሰጠውም፥ ጉልበት ያላዋጣ ምን ይደረጋል የሚለው ሁሉ ሕግ አለው። በበጋ ላም በየሦስተኛው ቀን ገደማ ብቻ ትጠጣለች። እንግዲህ አስተውሉ፤ በደረቅ ወራት ውኃ የማያገኝ ከብት በአካባቢው ሊግጥ አይችልም። ሣሩ ያለ አጥር የሚጠበቀው በውኃው ተራ ነው። ሃርዲን «ለሁሉ ክፍት» ያለው መስክ በዚህ አገር ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል።

እንደዚህ ያሉ ሕጎችን ከስዊስ ተራሮች እስከ ፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበሮች ድረስ መርምራ በ1990 መጽሐፍ ያወጣችው ኤሊኖር ኦስትረም ናት። የወል ንብረት ያለው ሕዝብ ራሱ ሕግ አውጥቶ ሊጠብቀው እንደሚችል በማስረጃ አሳየች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሃርዲንም ራሱ በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ መከራ የሚመጣው ጠባቂ በሌለው የወል መሬት ላይ ነው ሲል ሐሳቡን አጠበበ። ይህች አንዲት ቃል ከመጀመሪያው ተጨምራ ቢሆን ኖሮ ስንት አጥር ሳይተከል በቀረ ነበር!

ዝናቡ ነው ወይስ የከብቱ ብዛት?

የመጀመሪያው ክርክር በዚህ ቢበርድም ሁለተኛው ተተካ። ሕጉ ካለ ከብቱ በየጊዜው የሚያልቀው ስለ ምንድን ነው?

የቦረና ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ነው፤ ቦረናዎች «ገና» ይሉታል፤ ከበዓሉ ስም ጋር እንዳታምታቱት። ትንሹ ዝናብ «ሐጋያ» የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱ ሲቀር ችግር ነው፤ ሁለቱም ሲቀሩ ጥፋት ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ በቦረና የደረሰውን የከብት እልቂት የሰማችሁት ነው።

በ1988 ኤሊስና ስዊፍት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሰሜን ኬንያ በቱርካና አገር ያጠኑትን አሳተሙ። በእነርሱ አስተያየት በደረቅ አገር የከብትን ቁጥር የሚወስነው ድርቁ ነው። ከብቱ ሣሩን ለመጨረስ እስኪበቃ ድረስ ከመብዛቱ በፊት ድርቅ መጥቶ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ከብት አርቢውን «መሬት አጥፊ» ማለት አግባብ አይደለም። ብዙዎች ይህን ሐሳብ በደስታ ተቀበሉ።

ሌይን ኮፖክ ግን በቦረና ሌላ ነገር አየ። በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት እርባታ ዓለም አቀፍ ማእከል ከ1980 እስከ 1991 ድረስ በዚያ አገር ያካሄደውን ጥናት ሰብስቦ በ1994 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ቦረና ከቱርካና ይልቅ ዝናብ ያገኛል። ስለዚህ ከብቱ በደኅና ዓመታት ይበዛል፤ መሬቱ ከሚችለው በላይ ከበዛ በኋላ መጠነኛ ድርቅ እንኳ ሲመጣ ብዙው ያልቃል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ሰሎሞን ደስታ ከኮፖክ ጋር በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ1983–85 እና በ1991–93 ድርቆች ከአሥር ከብት አራቱ ገደማ ማለቁን አሳዩ።

በዚህ ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያው ጥፋቱ የቦረናው ነው!» ቢል ችኮላ ነው። ኮፖክም እንዲህ አላለም። ኖኤል ኮሲንስ በ1980ዎቹ ሲመረምር የቦረና አያያዝ ከአንድ ጋሻ መሬት የሚያወጣው ምግብ ከኬንያና ከአውስትራሊያ የታጠሩ የከብት እርሻዎች የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። ሕዝቡ ላሟን ለወተት፥ ጥጃዋን ለተተኪ፥ በሬውን ለክፉ ቀን ያኖራል። ችግሩ የተባባሰው መስኩ ስለ ጠበበ ነው። ከፊሉ ታረሰ፤ ከፊሉ በመንግሥት እርሻ ታጠረ፤ ከፊሉ ወደ ጎረቤት ሄደ፤ ከፊሉን ደግሞ ቁጥቋጦ ወሰደው። ስለ ቁጥቋጦው ቀጥለን እንናገራለን።

የእሳቱ ነገር

ከነጌሌ ወጥታችሁ ከገናሌና ከዳዋ ወንዞች መካከል ባለው በሊበን አገር ብትጓዙ እሾሃማ ግራር በሣር መስክ ላይ ሲወርር ታያላችሁ። ከዳዋ ማዶ በዲሬ በኩልም እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ሜዳው ክፍት ነበር ይላሉ። ምን መጣ?

ቦረናዎች ከጥንት ጀምሮ ደረቁን ሣር በየተወሰነ ዓመት ዝናብ ሲቃረብ ያቃጥሉት ነበር። የሣሩ ሥር ከመሬት በታች ስለ ሆነ እሳቱ አይነካውም፤ ዝናብ ሲወርድ ለምለም ሆኖ ይበቅላል። የግራሩ ችግኝ ግን ራሱን ከመሬት በላይ ስላወጣ ይቃጠላል። መዥገሩም አብሮ ያልቃል። የተማረው ሰው ግን እሳትን የሚያውቀው ደን ሲያወድም ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ። በዚያው ዘመን ያቤሎ ላይ የተቋቋመው የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ክፍል ኩሬዎች ቆፈረ። ኩሬዎቹ የተቆፈሩት ድሮ ውኃ ስለሌለው በክረምት ብቻ ይጋጥ በነበረው መስክ ጭምር ነው። ውኃ ሲገኝ ሰው ሰፈረ፤ መስኩም የሚያርፍበት ወር አጣ።

አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከብት አርቢዎቹን ራሳቸውን ጠየቁ። መልሱ የእሳቱ መከልከል፥ የእርሻው መስፋፋትና የመስኩ መታጠር ተደራርበው ቁጥቋጦውን አመጡት የሚል ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከሁሉ በፊት ጥፋተኛው የግጦሹ ብዛት ነው ይላሉ፤ ሣሩ ከተበላ እሳት የሚቀጣጠልበት የለምና። በአየሩ ውስጥ የጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዛፍ ይስማማል የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር ገና አልተዘጋም። ነገር ግን በአንድ ነገር ላይ ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ እሳቱን አጥፊ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነበር። ቁጥቋጦው አንዴ ካየለ በኋላ ደግሞ ክልከላውን በማንሣት ብቻ አይመለስም፤ የሚያቃጥለው ሣር ከሥሩ ጠፍቷልና አስቀድሞ በመጥረቢያ መመንጠር ያስፈልጋል። አንድ ደብዳቤ በአንድ ቀን ያመጣውን ለመመለስ የብዙ ዓመት ጉልበት ይጠይቃል።

የሊበን ወፍ

ከነጌሌ ከተማ አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ በ1968 ክርስቲያን ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የአእዋፍ ሊቅ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አገኘ። በ1975 አዲስ ዘር ናት ተብላ ተመዘገበች። በሣር ውስጥ እየሮጠች የምትኖር፥ ጎጆዋንም በሣር ሥር የምትሠራ ወፍ ናት። በእንግሊዝኛ የሊበን ላርክ ትባላለች።

በ2009 ክሌር ስፖቲስውድ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር አስደንጋጭ ጽሑፍ አወጣች። ሜዳው በእርሻ፥ በቁጥቋጦና በግጦሽ ብዛት ስለ ጠበበ ይህች ወፍ በአፍሪካ ምድር በታሪክ ተመዝግባ የጠፋች የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ተቃርባለች አለች። በ2013 ደግሞ የዘር ምርመራ ሌላ ነገር ገለጠ። በጅጅጋ አካባቢ የምትገኘውና በሶማሌላንድ ከ1922 ወዲህ ጠፋች የተባለችው ወፍ ከሊበኗ ጋር አንድ ዘር ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ብቸኛዋ የሊበን ወፍ ብቸኛ አልነበረችም፤ ያም ሆኖ የቀሩት ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ልማዳዊው ክርክር «ወፏ ትዳን ወይስ ከብቱ ይብላ?» የሚል ነው። በሊበን ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ወፏ የምትፈልገው ቁጥቋጦ የሌለበት፥ ረዘም ያለ ሣር ያለበት ሜዳ ነው። ከብት አርቢውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቦረናዎች ለጥጃና ለደከመ ከብት ሣር አቆይተው የሚከልሉበት «ካሎ» የሚባል ልማድ አላቸው። በሊበንም ሕዝቡ ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ እንዲህ ያለ ክልል ሲያበጅና ቁጥቋጦ ሲመነጥር ሣሩ ተመለሰ። ለጥጃ የተከለለው ሣር ለወፏም መጠለያ ሆነ።

ስለ መርፌው

ከሣሩ ወደ ሕክምናው እንለፍ። ቆላው በዚህም በኩል ታላላቅ ክርክሮች የተፈተኑበት አገር ነው።

ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት ሲታሰብ በመጀመሪያ የታቀደው ሕዝቡን ሁሉ መከተብ ነበር። ዊሊያም ፎጂ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ በናይጄሪያ መድኃኒቱ ስላነሰው ሌላ መንገድ ሞከረ። በሽተኛውን ፈልጎ አግኝቶ በዙሪያው ያሉትን ብቻ ከተበ፤ በሽታውም ቆመ። ብዙዎች ተጠራጠሩ። ኢትዮጵያ ዘመቻውን በ1971 ስትጀምር ሠራተኛው ጥቂት፥ አገሩ ሰፊ ስለ ነበር የሚሻለው ይኸው ፍለጋ ሆነ። ሠራተኞች የበሽተኛ ሥዕል ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ዞሩ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ በነሐሴ 1976 የተገኘው ከነጌሌ በስተ ምሥራቅ፥ በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር በኤል ከሬ ቆላ ነበር። በዓለም በሽታው መጥፋቱ በ1980 ታወጀ።

ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም የጠፋው ሁለተኛ በሽታ የከብቱ «ደስታ» ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉትን ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ረኀብ ያመጣው፥ ከአሥር ከብት ዘጠኙን የፈጀው እርሱ ነው። ዋልተር ፕሎራይት በ1960 ገደማ በኬንያ ጥሩ ክትባት ሠራ፤ ነገር ግን ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ካልተያዘ ይበላሻል። በቆላ ደግሞ በረዶ የለም። ከዚያ በኋላ ጄፍሪ ማሪነር ሙቀት ለሳምንታት የሚችል ክትባት አዘጋጀ። ክርክሩ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። መርፌውን ማን ይያዝ? ፊደል ያልቆጠረ አርብቶ አደር ሠልጥኖ ይከትብ የሚለው ሐሳብ ለብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ሙያውን ማዋረድ መስሎ ታያቸው፤ መድኃኒቱ ያለ አግባብ ይሰጣል የሚለው ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። ነገሩ በአፋር ቆላ በ1990ዎቹ ተሞከረ። የሠለጠኑት አርብቶ አደሮች ሐኪሙ ሊደርስበት በማይችለው ግጦሽ ድረስ ሄደው ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽታ የታየው በ1995 ነው። አገራችን በ2008፥ ዓለም በ2011 ከደስታ በሽታ ነፃ ተባለ።

የጨረቃና የኮከብ ሙግት

አንድ ክርክር ደግሞ ወደ ሰማይ ያወጣናል። በቦረና «አያንቱ» የሚባሉ የዘመን ቆጣሪዎች አሉ። ያለ ጽሕፈት፥ ጨረቃን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ አሥራ ሁለቱን ወሮችና 27 ስም ያላቸውን ቀኖች ይቆጥራሉ። የአሥመራው ተወላጅ አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፋቸው ይህን ለዓለም አስተዋወቁ። በ1978 ሁለት አሜሪካውያን በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የቆሙ 19 ጥንታዊ ድንጋዮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ወደ ቦረና ከዋክብት ተነጣጥረው የተተከሉ ናቸው አሉ። ሌላው ተመራማሪ በ1982 ድንጋዮቹን እንደገና ለክቶ ተጠራጠረ። በ1986 ደግሞ ሎረንስ ዶይል ጨረቃና ኮከቡ «አብረው ይወጣሉ» የሚለው አነጋገር በሰማይ ሕግ እንደማይሠራ አሳይቶ፥ ትርጉሙ «በአድማስ ላይ በአንድ ቦታ ይወጣሉ» መሆን አለበት አለ።

ይህ ሁሉ ሲሰላ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ሞልቶ ነበር፤ አያንቱዎቹ ግን አልነበሩም። ጣልያናዊው ማርኮ ባሲ ወደ ቦረና ሄዶ ከእነርሱ ጋር ሌሊት ሰማይ እያየ ጠየቀ፤ በ1988ም የሰማውን አሳተመ። እነርሱ የሚመለከቱት ጨረቃዋ ከኮከቡ ጎን ለጎን የምትሆንበትን ሌሊት ነው። የዶይል ሒሳብ የድሮውን አነጋገር ስሕተት በትክክል አሳይቷል፤ መልሱ ግን የተገኘው በመጠየቅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንባቢዎቻችን፥ ከእነዚህ ክርክሮች «የተማረ ሁሉ ይሳሳታል፥ ያልተማረ ሁሉ ያውቃል» የሚል ትምህርት አውጥታችሁ እንዳትሄዱ። የከብቱን ብዛትና እልቂት በዓመታት ቆጥሮ ያሳየው የተማረ ሰው ነው። ሙቀት የሚችለውን ክትባት ያዘጋጀውም የተማረ ሰው ነው። ነገር ግን በሃርዲን መስክ፥ በእሳቱ ክልከላና በኮከቡ ሒሳብ የተፈጠረው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው ባለጉዳዩ ሳይጠራ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ እዚህ ሳይጠየቅ የቀረው የመስክና የከብት ነገር ነበር።

ከእናንተ መካከል አንዱ ነገ ወደ ነጌሌ፥ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ሞያሌ ይመደብ ይሆናል። አንድ ቀን «እንዲህ ያለው ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል» የሚል ረቂቅ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ይመጣለታል። ያን ጊዜ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ይህ ልማድ የተጀመረው ምን ችግር ለማራቅ ነው? ሕጉን የሚያስከብረው ማን ነው? ቢቀር በእርሱ ቦታ ምን ይተካል? በቁጥርስ ተመዝኖ ያውቃል ወይ? የመጨረሻውን መልስ ከመዝገብ ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ያገኘዋል። የፊተኞቹን ሦስቱን ግን የሚያገኘው ከጉድጓዱ አፍ፥ ከአባ ሄሬጋው ዘንድ ነው፤ ለዚህም መኪናውን አስነሥቶ እስከዚያ መሄድ አለበት።